ለክቡር «በግምገማ ላይ»፦ ዓሣው ወደ ወንዝ ሊወጣ መሆኑን ስለ ማሳወቅ

ባሕር ዳር፣ ሰኔ

ጉዳዩ፦ መልስ፣ እርሱም ባይሆን የመልስ ቀን ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

እንዴት ከረሙ? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ነው እንጂ እርስዎ እንዴት እንደ ከረሙ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ካለፈው መስከረም ጀምሮ በፌሎሺፕ ማመልከቻ ገጼ ላይ፣ ከስሜ ትይዩ፣ «በግምገማ ላይ» ተብለው በቢጫ ሳጥን ውስጥ ተደላድለው ተቀምጠዋል። ደመራው ነዶ፣ የጥምቀት ታቦት ወጥቶ ገብቶ፣ ሁዳዴ ተጹሞ ተፈስኮ፣ የግንቦት ሙቀት የመንገድ ዳር ዘንባባዎቻችንን ሳይቀር አጠውልጎ አልፏል፤ አሁን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ደመናው መጥቆር ሲጀምር እርስዎ ከዚያች ሳጥን ስንዝር ፈቀቅ አላሉም። በአገራችን ከወንበራቸው የማይነሡ ባለሥልጣናት አይታጡም፤ እነርሱ እንኳ ግን ለስብሰባ ይወጣሉ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ማመልከቻዬን በማንበብ ላይ መሆንዎን በየቀኑ ስለሚነግሩኝ ይህ ባላስፈለገ ነበር፤ ቢሆንም ጥንቃቄ አይከፋም። በዚህች ከተማ የሐይቅና የዓሣ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ያመለከትሁትም ከዚህ የምሰበስበውን ናሙና ወስጄ ውጭ አገር በሚገኝ ቤተ ሙከራ ለመመርመር ለሚያስችለኝ ዓለም አቀፍ የምርምር ፌሎሺፕ ነው። የማጠናቸው በሳይንስ ስማቸው ላቢዮባርበስ የሚባሉትን ትልልቅ የጣና ዓሦች ነው። ቀረሶውም አምባዛውም በሌላ ውኃ ይገኛሉ፤ እነዚህ ግን በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተለያይተው 15 ያህል ዝርያ የሆኑ፣ አብዛኞቹም ከጣና ውጭ የማይገኙ ናቸው። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበሩት አቻዎቻቸው ከጠፉ ወዲህ የዚህ ዓይነት የዓሣ ስብስብ በዓለም ላይ የቀረው ይኸው የእኛው መሆኑን የዘርፉ ሰዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ይህን ሁሉ በማመልከቻዬ ሁለተኛ ገጽ ላይ አብራርቼዋለሁ፤ እርስዎ እስካሁን ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሰው ከሆነ ግን አላውቅም።

ደርሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍሁ ነበር፤ ሦስተኛው ገጽ የሚናገረው ስለ ጊዜ ነውና። ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ ኑሯቸው በሐይቁ ይሁን እንጂ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ወንዝ ውስጥ ነው። ክረምቱ ሲገባ በጉማራ፣ በርብና በሌሎች ገባር ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ጎርፉን እየቀዘፉ ወደ ላይ ይወጡና ጠጠር ባለበት፣ ጥሩ ውኃ በሚፈስበት ቦታ እንቁላላቸውን ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ጥቅምት ካለቀ በኋላ እዚያ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቅ ተመራማሪ የሚያገኘው የፎገራን ጭቃና የሩዝ ገበሬዎችን ሰላምታ ብቻ ነው። ዓሣ አጥማጆችም ይህን ቀን መቁጠሪያ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ ዓሣው በወንዙ አፍ ሲታጨቅ መረባቸውን ከዚያው ላይ ይጥሉና እንቁላሉን ሊጥል የመጣው ሳይጥል ገበያ ይወርዳል። የትኛው ዝርያ በየትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚወጣ በውል ከታወቀ ማጥመድ የሚከለከልበትን ጊዜ በግምት ሳይሆን በልክ መወሰን ይቻላል። ያመለከትሁት ለዚህ ነበር።

እርስዎ በቢጫ ሳጥንዎ ተቀምጠው ምን ምን እንደ ያዙ ያውቁታል ብዬ አላምንም፤ ስለዚህ ልንገርዎ። የዘረመል ናሙና ከአገር ለማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው፤ ተገቢም ነው። ፈቃዱን ለመጠየቅ ናሙናው የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚቀበለውና በምን ስምምነት እንደሚያዝ የሚገልጽ ወረቀት ይፈለጋል፤ ያን ወረቀት የሚጽፈው ተቀባዩ ቤተ ሙከራ ነው፤ ቤተ ሙከራው የሚጽፈው ገንዘቡ መፈቀዱን ሲያይ ነው፤ ገንዘቡ መፈቀዱን የሚያበሥረው ደብዳቤ ደግሞ፣ ተጽፎም ከሆነ፣ እርስዎ ተቀምጠውበታል። ግንቦት ላይ «አልተመረጥህም» ተብዬ ቢሆን ኖሮ አንድ ሁለት ቀን አዝኜ፣ ባለችኝ ጥቂት ገንዘብ ከአጥማጆቹ ጋር ተስማምቼ ቢያንስ የቆጠራውን ሥራ እጀምር ነበር። ኅዳር ላይ የሚደርስ «እንኳን ደስ አለህ» ግን ለእኔ ትርጉሙ አንድ ነው፦ እስከ ሚቀጥለው ክረምት ደኅና ሁን። ዓሣው እንደሆነ ገጽዎን ከፍቶ አያይም፤ የይለፍ ቃልም የለውም።

ስለ ሰዓት አክባሪነትዎ ደግሞ አድናቆቴን ሳልገልጽ አላልፍም። ማመልከቻው የሚዘጋው በዋሽንግተን ሰዓት ከሌሊቱ 5፡59 ላይ መሆኑ ተነግሮን ነበር፤ ይህ በእኛ ሰዓት ጧት 1፡00 ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። በዚያች ሌሊት ቀበሌ 14 መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር፣ ጄኔሬተር ያለው የሐይቅ ዳር ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከጥበቃው ጋር አብሬ አነጋሁ። አንዲት ደቂቃ ባሳልፍ ሥርዓቱ በሩን እንደሚዘጋብኝ በቀይ ቀለም ተጽፎልኛል። ለእኔ አንዲት ደቂቃ ያልተረፈው ሥርዓት ለራሱ ሲሆን ወራቱን እንደ ልቡ እየዘገነ ሲወስድ አንድም ቀይ ጽሑፍ የትም ቦታ አላየሁም። ማስረጃዎቼም ያረጃሉ፤ የእንግሊዝኛ ፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነውና እርስዎ በዚህ አያያዝዎ ከቀጠሉ ቋንቋውን እንደምችል የሚመሰክርልኝ ወረቀት ከእርስዎ ቀድሞ ይሰናበታል። ይህ አንዱን የፈተና ክፍያ በዶላር ከፍሎ ለሚያውቅ የአገራችን መምህር ቀልድ አይደለም።

የእኔ ይሻላል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየበት ጊዜ የእርስዎ እስረኛ የነበሩ ባልደረቦች ዋይፋይ ያለበትን ቤት እያጠያየቁ፣ የማያሰኛቸውን ሻይ እያዘዙ፣ ሰልፍ ጠብቀው ገጹን ሲከፍቱ ያገኙት የነበረው እርስዎኑ ነው። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆነው እንኳ ያልተለወጡ መሆንዎ ጽናት ከተባለ ጽናት ነው።

በሰው ፊት ስላኖሩኝ ቦታም ጥቂት ልበል። እኔ እርስዎን ስጠብቅ ሌላው ሰው ሁሉ እኔን ይጠብቃል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የኮርስ ድልድል በወጣ ቁጥር «አንተን ምን ላድርግህ?» ይለኛል፤ ሄያጅ ነው ተብዬ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አልተመደበልኝም፤ አልሄደም ተብዬ ደግሞ ሌላው የማይፈልገው የቅዳሜ ክፍል ተመደበልኝ። አከራዬ እትዬ «ልጄ፣ ቤቱን ለሌላ ሰው ልንገርበት ወይስ ትቆያለህ?» ብለው ከጠየቁኝ በኋላ መልሴን ሲሰሙ ነገሩ ፍቅር ይሁን ገንዘብ ያልገባቸው በሚመስል ዐይን ያዩኛል። አባይ ማዶ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ ሰላምታውን ከ«እንዴት ነህ» ወደ «እስካሁን አለህ?» ቀይሯል። እናቴ በበኩሏ በየካቲት በርበሬውን ቀምማ፣ አስፈጭታ፣ ሦስት ጊዜ በፌስታል ጠቅልላ፣ በላዩ ላይ ጨርቅ ሰፍታበት አስቀምጣለች፤ በተጨማሪም ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተስላለች፤ ስለቱ የሚገባው ስሄድ ነው፣ ወይስ መልስ ሲመጣ የሚለውን እኔም ካህኑም ቁርጡን ልንነግራት አልቻልንም። ጉማራ አካባቢ የሚያጠምዱት ሽማግሌ ግን ከሁሉም ይልቅ በአጭሩ ይናገራሉ፤ በስልክ ባገኙኝ ቁጥር «መምህር፣ ፈረንጆቹ ዝናቡን ነው የሚጠብቁት?» ይሉኛል። አይ፣ አባቴ፣ ዝናቡ ነው እነርሱን የሚጠብቀው እላቸዋለሁ፤ ዝናቡ እንደማይጠብቅ ሁለታችንም እናውቃለን።

የሥልጣንዎን ስፋት በትክክል የተረዳሁት ግን ከእኔ ማመልከቻ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው በፉልብራይት፣ በአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም፣ ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ ከ1946 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኖረ ነው፤ የመጨረሻውን ምርጫ የሚያጸድቅ 12 አባላት ያሉት ቦርድም አለው። በ2025 (እ.ኤ.አ.) ሰኔ ወር ከሞላ ጎደል ሁሉም የቦርዱ አባላት በአንድነት ሥራቸውን ለቀቁ፤ በመግለጫቸውም የአገራቸው መንግሥት እነርሱ የመረጧቸውን በርካታ ሰዎች እንደ ከለከለና ወደ 1,200 የሚጠጉ የሌሎች አገሮች ተመራጮችንም ያለ ሕጋዊ ሥልጣን እንደገና ግምገማ ውስጥ እንዳስገባ ገለጹ። እኛ እዚህ፣ ከእርስዎ እጅ አንዴ የወጣ ሰው ወይ ሻንጣውን ይገዛል ወይ ተስፋውን ይቆርጣል ብለን እናምን ነበር። ለካስ ተመርጦ፣ ተመርቆ፣ ለዘመድ ተነግሮ ካበቃ በኋላም ወደ እርስዎ የሚመልስ ጓሮ በር ኖሯል።

የጣና ዳር ሰው አልነቀልም የሚል ነገር አይገርመውም። እንቦጭ በሐይቃችን ላይ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ከታየ ወዲህ ስንት ዘመቻ ተጠርቶበታል፤ ገበሬው፣ ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል። ያም ሆኖ እንቦጭ ሲሰፋም ሲጠብም ይታያል፤ ማጭድም ይይዘዋል። እርስዎን የሚይዝ ምን አለ? «ለጥያቄዎ እዚህ ይጻፉ» በሚለው በኩል ብጽፍ «እባክዎ ለዚህ መልእክት መልስ አይስጡ» የሚል አድራሻ መለሰልኝ፤ እንዳልመልስ የሚለምነኝ ደብዳቤ ራሱ መልስ መስጠቱን ልብ ይሏል። ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች የሚለውን ክፍል ብከፍት፣ ከሁሉ ይልቅ የተደጋገመው ጥያቄ «ውጤቱ መቼ ይታወቃል?» የሚል ሲሆን መልሱም ስለ ማመልከቻ ሁኔታ ጥያቄ አታቅርቡ የሚል ነው። ተጠባባቂ ስለሚባለው ታናሽ ወንድምዎ ለጊዜው አላነሣም፤ እርሱ ደግሞ ሰውን ከበሩ ውጭም ከበሩ ውስጥም ሳያደርግ ደፉ ላይ ያቆማል።

ገምጋሚዎቹን እየወቀስሁ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። ብዙዎቹ የራሳቸው ማስተማርና ምርምር ያለባቸው፣ የሰው ማመልከቻ በሌሊት የሚያነቡ፣ ለዚህም እዚህ ግባ የሚባል ክፍያ የማያገኙ ምሁራን ናቸው። ጊዜ ቢወስድባቸው መብታቸው ነው፤ ጥሩ ግምገማ ጊዜ ይወስዳል። የእኔ ክርክር ከመርዘሙ ጋር አይደለም፤ መጨረሻ ከሌለው ጋር ነው። «መልሱ የሚሰጠው በሐምሌ መጨረሻ ነው» የሚል አንድ መስመር ለመጻፍ ማንንም መገምገም አያስፈልግም፤ ያችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ያልፈለገ መሥሪያ ቤት ግን በሌላው ሰው ክረምት ላይ ያዝዛል፣ ያውም ሳይጠየቅበት።

ስለዚህ በትሕትና የማመለክተው የሚከተለውን ነው። መልሱ ካለ ይስጡኝ፤ «አይሆንም» ከሆነም በሙሉ ድምፅ ይበሉት፣ እኔ ልጅ አይደለሁም። መልሱ ገና ከሆነ ቀኑን ይንገሩኝ። ቀኑንም የማያውቁ ከሆነ ቢያንስ ከቢጫው ሳጥን ወጥተው ሌላ ቀለም ያለው ሳጥን ውስጥ ይግቡ፤ ሰው የሚጠብቀው ነገር መንቀሳቀሱን ማየቱ ብቻ እንኳ ሆድ ይሞላል።

እስከዚያው ግን ከሽማግሌው ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት የተበደርሁትን መረብ፣ ሚዛንና ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ጉማራ አፍ ላይ እወርዳለሁ። ናሙና አልወስድም፤ ፈቃድ የለኝምና። እቆጥራለሁ፣ እለካለሁ፣ መልሼ ውኃ ውስጥ እለቃለሁ። በዚህ መካከል የእርስዎ መልስ ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ሆኖም እጄ እርጥብ፣ ስልኬም ታንኳው ላይ ስለሚሆን ጉዳይዎን ወዲያው ላላየው እችላለሁ። ቅር እንዳይልዎ፤ ደብዳቤዎ በግምገማ ላይ ይሆናል።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፤
አመልካቹ

ግልባጭ፦
ለ«እባክዎ መልስ አይስጡ»፣ ባሉበት
ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ለመጪው ሴሚስተር ስሜን በእርሳስ እንዲጽፉት
ለእናቴ፣ በርበሬውን እንብላው