እንግዳ ሲታለል በመስኮት ወደ ውጭ ለምናይ

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ በተለይ የፒያሳ፣ የአራት ኪሎና የለገሃር ወገኖቼ፣ ዛሬ ወቀሳዬ ለእናንተ ነው። ኪስ አውላቂውን ለጊዜው ትቼዋለሁ። እሱ የሚያደርገውን ያውቃል፤ የሚቀጣውም ሕግ አለ። እኔ የምገሥጸው አይቶ ዝም የሚለውን ነው። ያ ደግሞ አብዛኞቻችን ነን።

እንግዳ ቤታችን ሲመጣ እንዴት እንደምንሆን እናውቃለን። አልጋችንን እንለቃለን። "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" ብለን እናጎርሳለን። ገጠር ውስጥ የመሸበት መንገደኛ "የእግዜር እንግዳ ነኝ" ካለ፣ ማን እንደሆነ ሳይጣራ እግሩ ይታጠባል፣ መደብ ይነጠፍለታል። ታዲያ ያው እንግዳ አስፋልት ላይ ሲቆም ለምን የማንም አይሆንም?

በቅርቡ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ያቀፈች የውጭ አገር ሴት ለረዳቱ 200 ብር ሰጠችው። ረዳቱ ብሩን በቁመቱ አጥፎ በጣቶቹ መሐል ከሌሎቹ ጋር ሰካው። መልስ የለም። ሴትዮዋ መዳፏን ዘርግታ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ሰበሰበችው። ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ ሌላው በመስኮት ወደ ውጭ ያያል፣ ሁለት ወጣቶች ተጠቃቅሰው ይስቃሉ። ከኋላ ወንበር ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ናቸው "አንተ ልጅ፣ መልሷን ስጣት እንጂ! የሰው አገር ሰው አይደለችም እንዴ?" ያሉት። ረዳቱ ቃል አልተነፈሰም። ቆጥሮ ሰጣት። በቃ፣ ይኸው ነው። ያን ሁሉ ሰው አፉን ያስያዘው ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ገበያ ላይ መከራከር ያለ ነው፤ በዚያ አልወቅስም። ቸርችል ጎዳና ላይ መስቀልና ጀበና የሚሸጠው ሰው ዋጋውን ከፍ አድርጎ ቢጠራ፣ እንግዳው ቢያወርድ፣ መሐል ላይ ቢገናኙ ምንም አይደለም። እኛም ሽሮ ሜዳ ቀሚስ ስንገዛ እንዲሁ ነን። ነውሩ ትናንት የተሠራውን መስቀል አጥቁሮ "የጎንደር ዘመን ነው" ማለት ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ያ ምስኪን ዕቃውን ይዞ ቦሌ ሲደርስ ሊያዝበት ይችላል። ገንዘቡንም ዕቃውንም አጣ ማለት ነው። ጎን ያለው ባለሱቅ ይህን ሲያይ "እንጀራውን ልዝጋበት እንዴ?" ይላል። እንጀራ በውሸት አይበላም፣ ወንድሜ።

ከሁሉ አብልጦ አንገቴን የሚያስደፋኝ ግን ለአፍሪካውያን የምናሳየው ፊት ነው። በግንቦት 1955 ዓ.ም. 32 የአፍሪካ አገሮች እዚሁ አፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫው እዚሁ ከእኛ ጋር ነው። ከአክራ፣ ከናይሮቢ፣ ከሌጎስ የሚመጣው ሰው አዲስ አበባን የራሱ ከተማ፣ ዓድዋንም የራሱ ድል አድርጎ ነው የሚመጣው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሊያይ ዓይኑ እያበራ ይደርሳል። እኛስ? ከእግር እስከ ራሱ እናየዋለን። አንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ ዘበኛው ነጩን እንግዳ በፈገግታ ሲያሳልፍ፣ ከኋላው የነበረውን ጥቁር እንግዳ "ወዴት ነው?" ብሎ ሲያስቆመው በዓይኔ አይቻለሁ። ልብሱም ጫማውም ከፊተኛው የተሻለ ነበር። አንዳንዶቻችን ደግሞ "ከአፍሪካ ነው የመጣኸው?" ብለን እንጠይቃለን። የቆምንበትን ምን ልንለው ነው? ዓድዋን በአደባባይ እያከበርን በዓድዋ የኮራውን ሰው በር ላይ ማሸማቀቅ አብሮ አይሄድም።

የእስያ መልክ ያለውን ሁሉ "ቻይና! ቻይና!" እያሉ የሚከተሉ ልጆችም አሉ። ልጅ ልጅ ነው፤ አጠገባቸው ቆሞ የሚስቀው አዋቂ ነው የሚያናድደኝ። ያ ሰው አባቶቻችን ከቃኘው ሻለቃ ጋር ከዘመቱላት ከኮሪያ መታሰቢያቸውን ሊያይ የመጣ ሊሆን ይችላል። "ተው፣ ነውር ነው" ማለት ምን ያስከፍላል?

መሐል ከተማችን እንግዳ የሚጠግብበት ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በዚያች መንገድ ዳር ዳር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ያረፉባት ቅድስት ሥላሴ አለች። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ የምትገኝበት ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ከፍ ሲል በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ዘመን ያለቁት ወገኖቻችን የሚታሰቡበት የየካቲት 12 ሐውልት፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ደግሞ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት። ይህን ሁሉ በየቀኑ በታክሲ እናልፈዋለን። ድንቅነሽን ገብቶ ያላየ የአራት ኪሎ ልጅ ስንት ነው? እንግዳ ቆሞ መንገድ ሲጠይቀን የማናውቀውን "በዚህ ሂድ" ብለን ጣታችንን የምንቀስረውም ለዚህ ነው። አላውቅም በሉ። ወይም የሚያውቅ ጠይቃችሁ ንገሩት። ሰዓት ስትቀጥሩትም "ሦስት ሰዓት" ብላችሁ አትተዉት፤ እሱ ዘጠኝ የሚለው ጠዋት መሆኑን አስረዱት። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጥሮት የቆመ እንግዳ ስታዩ ለመከተል ሳይሆን ወንበር ለመስጠት ተነሡ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። "ተማሪ ነኝ፣ እንግሊዝኛ ልለማመድ" የሚል ልጅ ፒያሳ ላይ እንግዳ ይጠጋል። "ዛሬ ልዩ በዓል አለ፣ ቡና እንጠጣ" ይለዋል። በዓሉ የለም። በቅያስ በቅያስ ይወስደውና አንድ በር ያስገባዋል። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሴቶች ይጨፍራሉ፣ ጠጁ ሳይጠየቅ ይመጣል። ከዚያ ሂሳብ ይቀርባል፤ የወር ደመወዝ የሚያህል። በሩ ላይ ሁለት ጎረምሶች ቆመዋል። እንግዳው ከፍሎ ይወጣል፤ አገሩ ገብቶ ስለ ቡናችን የሚያወራው ይህንን ነው። ለሰው የምናፈላው ቡና፣ ጎረቤት ጠርተን የምንጠጣው ቡና፣ መያዣ ወጥመድ ሆነ።

ያን በር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ትይዩ ያለው ባለሱቅ ያውቀዋል። ጫማ የሚጠርገው ልጅ ያውቀዋል። አከራዩማ ኪራይ ይቀበልበታል። "አያገባኝም" እያልን ነው እዚህ የደረስነው። አከራይ ሆይ፣ ቤትህን አስለቅቅ። ባለሱቆች፣ ተሰብስባችሁ ለሰፈሩ ፖሊስ ንገሩ፤ አንዴ ካልሰማ ደግማችሁ ሂዱ። ልጁን ከእነ እናቱ የምታውቁት ሽማግሌዎች፣ ጠርታችሁ ተቆጡት። ይህ ሁሉ ቢያቅታችሁ፣ ዛሬ ማታ እንግዳው በደጃችሁ ሲያልፍ "አትግባ" በሉት።