ክርክር፦ ኢትዮጵያ የመርከብ ጭስ ክፍያን ትደግፍ?

ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት መርከቦች ከገደብ በላይ ለሚለቁት በካይ ጋዝ እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ደንብ አርቅቋል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ለንደን ላይ ይጸድቃል ተብሎ ሲጠበቅ አባል አገራት በ57 ለ49 ድምፅ ለአንድ ዓመት አራዘሙት። ለገሃር ቢሮ ያላቸው የጉምሩክ አስተላላፊ ደንቡን ይቃወማሉ፤ አምስት ኪሎ የሚያስተምሩት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ይደግፋሉ።

አስተላላፊው፦ ባለመርከቡ ከኪሱ አይከፍልም፤ ክፍያውን በማጓጓዣው ዋጋ ላይ ይጭነዋል። በእኛ አገር ደግሞ ቀረጥ የሚሰላው የዕቃው ዋጋ፣ ኢንሹራንሱና የባሕር ማጓጓዣው ተደምረው ነው። በዚያ ድምር ላይ ቀረጡ ይታሰባል፣ ቀጥሎ ኤክሳይዝ ካለ ኤክሳይዝ፣ ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። ባሕር ላይ የተጨመረች አንድ ዶላር ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ዴክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ሰነዱ) ሲዘጋ አንድ ዶላር ሆና አትገኝም። መርካቶ ያለው ሸማች የሚከፍለው ያበጠውን ነው።

መሐንዲሷ፦ ወንድሜ፣ ስለ ቀረጡ የተናገሩት እውነት ነው፤ መጠኑን ግን ዘለሉት። ረቂቁ እንደ ጥሰቱ መጠን በአንድ ቶን በካይ ጋዝ 100 ወይም 380 ዶላር ይላል፤ የሚከፈለው ግን ከገደቡ ላለፈው ጭስ ብቻ ነው። በረቂቁ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2028 በተለመደው ነዳጅ የሚጓዝ መርከብ የሚከፍለው በጠቅላላ ጭሱ ላይ ሲካፈል በቶን 30 ዶላር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር ጥቃት ምክንያት መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ዞረው ሲሄዱ ወደ አውሮፓ በምንልከው ቡና ላይ የደረሰውን መዘግየት ያስታውሱ። የሚጎዳን በጦርነትና በነዳጅ ዋጋ የሚናወጥ ባሕር ነው።

አስተላላፊው፦ የ2028ቱን ብቻ አይጥቀሱ እንጂ፣ እኅቴ። በረቂቁ መርከቦች ሊያሟሉት የሚገባው ዝቅተኛው የጭስ ቅነሳ ከ4 በመቶ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2035 ዓመት 30 በመቶ ይደርሳል።

መሐንዲሷ፦ ይደርሳል፤ ለዚህም ነው ከአሁኑ መግባት ያለብን። መርከቦቹ ከሚፈልጓቸው ነዳጆች አንዱ አሞኒያ ነው፤ ከውኃ፣ ከአየርና ከኤሌክትሪክ ይሠራል። ዩሪያም የሚሠራው ከአሞኒያ ነው! በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ጅቡቲ ላይ ከመርከብ እያራገፍን በባቡርና በከባድ መኪና የምናጣድፈውን ማዳበሪያ ማለቴ ነው። የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ዓለም ለመርከብ ብሎ ንጹሕ አሞኒያ በብዛት ማምረት ሲጀምር የማምረቻ ማሽኑ ዋጋ ይወርዳል፤ እኛ የምናተርፈው እዚያ ላይ ነው። ወደብ ባይኖረንም ፋብሪካው እርሻው አጠገብ መቆም ይችላል።

አስተላላፊው፦ አንድ ቶን አሞኒያ በዚህ መንገድ ለመሥራት 10 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ግማሽ ያህሉ ሕዝባችን መብራት ሳያገኝ?

መሐንዲሷ፦ መብራት ያልደረሰው በማከፋፈያ መስመር እጥረት ጭምር ነው። ከክፍያው የሚቋቋመው ፈንድ ለታዳጊ አገራትም የታሰበ ስለሆነ መስመሩን እንዲሠራልን መጠየቅ እንችላለን።

አስተላላፊው፦ እንግዲያው መደራደሪያችን ይኸው ነው። የምንከፍለው 100 እና 380 ተብሎ ተጽፏል። ባሕር የሌለው አገር ከፈንዱ የሚያገኘው ድርሻም እንዲሁ በቁጥር ይጻፍ፤ እስኪጻፍ ድረስ ድምፃችን ተቃውሞ ይሁን።