አራት ኪሎን ተሸክሞ ወደ ዴንቨር

የሻንጣ ነገር ለእኔ አይነገረኝም። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በተመላለስኩባቸው ዓመታት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ የሚለውን ሕግ ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ በቃሌ ይዤዋለሁ። ሻንጣ እንደ ሕፃን አቅፎ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ ወጥቶ፣ የራሱን ክብደት ቀንሶ፣ የቀረውን ያለ እርሳስ የሚያሰላ ሰው ነኝ። በሐምሌ ሙቀት ሁለት ጃኬት ደርቤ፣ ኪሶቼን በሰው አደራ ቪታሚን አሳብጬ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ "እኔ ብርድ አልችልም" እያልኩ የተሰለፍኩም እኔው ነኝ። ስለ ሻንጣ አሸካከፍ ከእንግዲህ የሚያስተምረኝ የለም ብዬ ተደላድዬ ተቀምጬ ሳለሁ የስኪ ጫማ ገዛሁ።

ጥፋቱ የልጄ ነው። ዕድሜዋ 14 ነው፤ የተወለደችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በረዶ ለእርሷ መጫወቻ እንጂ፣ እንደ እኔ ጠዋት ጠዋት ከመኪና መስታወት ላይ የሚፋቅ ዕዳ አይደለም። አምና ጎትታ ፔንሲልቬንያ ወደሚገኝ አንድ ኮረብታ ወሰደችኝና ስኪ የሚሉትን የበረዶ መንሸራተቻ ጣውላ ከነጫማው ተከራየሁ። የኪራይ ጫማ ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንዳስተናገደ ሽታው ይናገራል። ሁሉን ስላስተናገደም የማንም እግር ልክ አይደለም። ቀኑን ሙሉ እግሬ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ውስጡ ሲወቀጥ ውሎ፣ ማታ ሁለቱም የአውራ ጣቶቼ ጥፍሮች ጠቆሩ። "አባዬ፣ ስኪውን መከራየት ይቻላል፤ ጫማው ግን የራስ መሆን አለበት" አለችኝ። ይህንን ምክር ጥፍሬ ሳይጠቁር ብትሰጠኝ ምን ነበረበት?

የስኪ ጫማ ሱቅ ውስጥ 42 ወይም 43 ብሎ ነገር የለም። ሻጩ እግሬን በሴንቲ ሜትር ለካና "27.5 ነህ" አለኝ። ከዚያ ያንን ጉድ አመጣው። ከውጭ የማይታጠፍ ድርቅ ያለ ፕላስቲክ፣ ከውስጥ ሌላ ለስላሳ ጫማ፤ ጫማ የለበሰ ጫማ ማለት ነው። "ቀጥ ብለህ ስትቆም ጣትህ ጫፉን ይንካው፤ ጉልበትህን ስታጥፍ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለስ" ካለኝ በኋላ ተንበርክኮ አራቱን ዘለበቶች አንድ በአንድ ጠረቀመብኝ። ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ። በአያቶቻችን ዘመን እግር ብረት የሚገባለት ሰው ቢያንስ በሬ ሰርቋል ተብሎ ነበር። እኔ ገንዘብ ከፍዬ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ወሬውን ባነሳ ወዳጆቼ ሳቁብኝ። "ሐበሻና ስኪ?" አሉ። ለዚህ እንኳ መልስ ነበረኝ፤ "ሮቤል ተክለማርያምስ?" አልኳቸው። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በልጅነቱ አሜሪካ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ለኢትዮጵያ ብቻውን ተሰልፎ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ደገመው። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ጸጥታው ግን አልበረከተም። ነገር ሳያጣራ የማያድረው አንዱ ወዳጄ ስልኩን ከፍቶ አየና፣ "እርሱ የተወዳደረው አገር አቋራጭ በሚባለው፣ በ15 ኪሎ ሜትር ነው። የእርሱ ጫማ እንደ ሩጫ ጫማ ቀላል ነው፤ ተረከዙም ከስኪው ላይ ይነሳል" አለኝ። እውነቱን ነው። ሮቤል ስኪንም ቢሆን ወደ አገሩ ሙያ አስጠግቶ ነው የያዘው። ተረከዙን አስቸንክሮ ቁልቁል ለመወርወር የተነሳሁት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ የአሜሪካ የፕሬዚዳንቶች ቀንና የዐቢይ ጾም መግቢያ አንድ ሰኞ ላይ ገጠሙ፤ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.። ስለዚህ ቅበላን ኮሎራዶ ተራራ ላይ እናሳልፍ ተባለ። ዓርብ ልንበር ሐሙስ ማታ ባለቤቴ ተንጠልጣይ ሚዛኗን አወጣች። ጫማዎቹን እርስ በርስ አስራ ሰቀለቻቸውና ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች።

"አራት ኪሎ!"

"አራት ኪሎ ደግሞ ምን ሆነ?" የሚል ድምፅ ከበሩ ተሰማ። እቴቴ ናቸው፤ የባለቤቴ አክስት። ተወልደው ያደጉበት የአራት ኪሎ ግቢ ከፈረሰ ወዲህ የሰፈሩ ስም በተጠራ ቁጥር ሌላ ነገር የፈረሰ ይመስላቸዋል።

"ምንም አልሆነም እቴቴ፣ የጫማው ክብደት ነው።"

ጫማውን ዞር ብለው አዩት። በጣታቸው አንኳኩት። "አራት ኪሎ ጫማ አድርጎ የሚሄደው ወዴት ነው?"

"ተራራ ላይ ነው።"

"አራት ኪሎ ጫማ አድርጎ ተራራ ይወጣል?"

"አይ፣ የሚወጣው በማሽን ነው። በጫማው የሚወርደው።"

እቴቴ የሚበቃቸውን ያህል ሰሙና ተቀመጡ።

አሁን ጥያቄው ጫማው የት ይግባ የሚለው ነው። ለሦስታችን የከፈልነው ለአንድ የሚጫን ሻንጣ ብቻ ነበር። እርሱም በወፍራም ልብስ፣ በቆሎና በዳቦ ቆሎ ተሞልቶ 22 ኪሎ ከ900 ላይ ቆሟል። የስኪ ጫማ ደግሞ እንደ ሌላ ጫማ ተጨፍልቆ ጥግ አይያዝም። እንደ ክፉ እንግዳ መሃል ላይ ተንሰራፍቶ ይቀመጣል፤ ሌላው ዕቃ በዙሪያው ይለማመጠዋል። ልጄ እንደነገረችኝ ብዙዎቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች የስኪ ቦርሳና የጫማ ቦርሳ አብረው ሲመጡ እንደ አንድ ሻንጣ ይቆጥሩላቸዋል። ስኪ ለሌለው ሰው ግን ይህ ደግነት አይደርሰውም።

የቀድሞው ሙያዬ ትዝ አለኝ። ጃኬት ደርቦ ሚዛን ያመለጠ ሰው ጫማ አድርጎ ማምለጥ ያቅተዋል? አድርጌው ልሂድ አልኩ። ከሳሎን እስከ ወጥ ቤት ልምምድ ጀመርኩ። በስኪ ጫማ የሚራመድ ሰው ተረከዙን አስቀድሞ፣ ጉልበቱን ሰብሮ፣ ክንዱን ዘርግቶ ነው፤ ከሩቅ የሚያየው ቤቱ የጠፋው ሮቦት ይመስለዋል። ሦስተኛው ዙር ላይ ከታች የሚኖሩት ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ደበደቡ። ዘለበቶቹን ለመፍታት ሁለት ሰው ረዳኝ።

"በእጅህ ያዘው" አለች ልጄ፣ ከእኔ ይልቅ ስለ ጫማው የምታዝን በሚመስል ድምፅ። "ሻንጣ ቢጠፋ ሱሪ ይገዛል፤ ስኪም ይከራያል። ጫማው ከጠፋ ግን የአምናው ጥፍርህ ይመለሳል።" ይህ ገባኝ። በተረፈ የምትለው ጫማው ውስጥ ካልሲ ይጠቅጠቅበት፣ ዘለበቱም ላላ ተደርጎ ይቆለፍ፣ ቅርጹ እንዳይበላሽ ነው።

"ውስጡ ባዶ ነው እንዴ?" አሉ እቴቴ።

ይህችን ጥያቄ ሁላችንም እናውቃታለን። ባዶ ዕቃ አይመለስም ተብሎ ባደገ ሕዝብ መካከል ባዶ የሆነ ነገር ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ነውር ነው። እቴቴ ከነጠላቸው ሥር አንድ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ለምትኖረው ታናሽ እህታቸው፣ "ጾም ሊገባ ነውና ትንሽ በርበሬ"። ትንሽ የሚለው መለኪያ በእኛ ዘንድ ከሁለት ኪሎ ይጀምራል። ኦሮራ ውስጥ በርበሬ የሚሸጡ የሐበሻ ሱቆች እንደ አሸን መፍላታቸውን ልነግራቸው ሞከርኩ። "የሱቅ በርበሬ!" አሉ፤ ስድብ ይመስል። ይህኛው ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተደልዞ፣ በቅመሙ ታሽቶ፣ በእርሳቸው ዐይን ሥር የተፈጨ ነው። ባለቤቴ በግማሽ ግማሽ ኪሎ አራት ከረጢት አደረገችው። አንዱ እስከ ጫማው ጣት ድረስ ተገፋ፣ አንዱ ቁርጭምጭሚት ላይ ተቀመጠ፤ ቀኙም እንዲሁ። ቀሪው ክፍተት በካልሲ ታተመ። አራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ሆነ። እቴቴ ይህንን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ "አደገ" አሉ፣ "ዩኒቨርሲቲ ደረሰ።"

አሜሪካ ውስጥ በፍተሻ ላይ ጫማ ማውለቅ የቀረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ነው። ስለዚህ ዓርብ ዕለት አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሰው ሁሉ ጫማውን እንዳደረገ እየተንጎራደደ ያልፋል። ተይዞ የቀረው የእኔ ጫማ ነው። የስኪ ጫማ በእጅ መያዝ ይፈቀዳል፤ የሚከለከለው በረዶው ላይ የሚመረኮዙት ዘንግ ነው። ችግሩ የሆዱ ነገር ነው። በእጅ የተያዘ ዱቄት ከ350 ሚሊ ሊትር ሲበልጥ ለብቻው ወጥቶ መታየት አለበት፤ እኔ ይህን የተረዳሁት ፈታሹ የግራ ጫማዬን እንደ ዶሮ አጋድሞ አንጀቱን ሲያወጣ ነው። ካልሲ። ሌላ ካልሲ። ቀይ ከረጢት።

"ይህ ምንድን ነው ጌታዬ?"

"ቅመም ነው።"

"ጫማ ውስጥ ምን ይሠራል?"

"ቦታ ስለነበረ ነው።"

በእውነት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ባለቤቴ እንደማታውቀኝ ዐይኗን ወደ ቡና መሸጫው አዞረች። ሰውዬው ወደ ጫማው ጣት እጁን ሰዶ ሁለተኛውን ከረጢት ጎተተ፣ አፉን ገለጥ አደረገ፣ ለምርመራ የሚሆን ወረቀት አስጠግቶ ነካ ነካ አደረገ። የእቴቴ በርበሬ ደግሞ ተነክቶ ዝም የሚል አይደለም። መጀመሪያ እርሱ አስነጠሰ። ከዚያ አጠገቡ ያለችው ባልደረባው። ከዚያ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አንድ ምስኪን መንገደኛ፣ ከዚያ ሕፃን ልጅ። ሠልፉ ውስጥ "ይማርህ" የሚባባለው ሰው እየበዛ ሲሄድ ፈታሹ ዐይኑን እያሻሸ ሁሉንም መልሶ ጠቀጠቀውና "መልካም ጉዞ" አለኝ፤ በፍጥነት ከፊቱ እንድጠፋ በሚለምን ድምፅ። ከረጢቱ በትክክል ይታሰር አይታሰር ያየ ሰው የለም።

አውሮፕላኑ ውስጥ ጫማውን በትከሻዬ አንጠልጥዬ በጠባቡ መተላለፊያ ስገባ ግራ ጫማዬ በግራ የተቀመጡትን፣ ቀኝ ጫማዬ በቀኝ የተቀመጡትን ራስ እየነካ ነበር። እስከ ወንበሬ ድረስ ይቅርታ እየጠየቅሁ ሄድኩ። ከላይ ካለው የዕቃ ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ሽታው ወረደ። ሰዎች ቀና እያሉ አሸተቱ። ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጡ ነጠላ ያጣፉ እናት ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ኮረሪማው በዛ አላሉትም?" አሉኝ።

ዴንቨር ስንደርስ ልጄ ከፍታውን እንድጠነቀቅ፣ ውኃም እንድጠጣ መከረችኝ። ከተማዋ 1,609 ሜትር ላይ ናት ብላ። ሳቅሁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያደግሁት፤ ዴንቨር ለእኔ ቆላ ናት ብዬ ደረቴን ነፋሁ። (በማግስቱ 2,926 ሜትር ላይ ያለችው ብሬክንሪጅ ከተማ ውስጥ አንድ ደረጃ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ስተነፍስ ልጄ ምንም አለማለቷ አሳዳጊዋን የሚያስመሰግን ነው።)

ኦሮራ የእቴቴ እህት ቤት ዓርብ ስለሆነ በየዓይነቱ ተዘርግቶ ጠበቀን። በርበሬው ከጫማው ሲወጣ ቤተ ሰቡ ቆሞ አየ። እርሳቸው አልተደነቁም፤ "እኔ ከአገር ቤት ስመጣ ቅቤ በቴርሞስ ነው ያመጣሁት" ብለው አለፉት። ከዚያ የወጥ ቤት ሚዛናቸውን አወጡ። ለመጠርጠር አይደለም፤ ለጎረቤት ለማካፈል ነው። ሚዛኑ 1 ኪሎ ከ900 አለ። ደግመው መዘኑ። ያው ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ድንገት አንድ መቶ ግራም የሚያህል ዝምታ ወረደ። ባለቤቴ አየችኝ። ልጄም አየችኝ። የሰው አደራ በርበሬ ቆንጥሮ የሚሸጥ ሰው እመስላለሁ? "መንገድ ላይ ደርቆ ይሆናል" አልኩ። ማንም አላመነኝም፤ እኔም አላመንኩኝ።

ቅዳሜ ጠዋት። የስኪ ጫማ መኪና ውስጥ አያድርም፤ ፕላስቲኩ በብርድ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ የእኔዎቹ ማሞቂያው አጠገብ ሞቅ ብሏቸው አድረዋል። ልጄ እየገፋች፣ ባለቤቴ እየጎተተች፣ ነጭ ወፍራም ካልሲዬን አድርጌ ገባሁባቸው። ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ልዩ ነበር። በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ "እግሬ፣ እግሬ" እያለ በብርድ ሲንጫጫ የእኔ ግራ እግር ለብ ያለ የፀበል ውኃ ውስጥ የተነከረ ይመስል ነበር። ጥሩ ጫማ ማለት ይህ ነው፣ ገንዘቤ አልጠፋም እያልኩ ልጄን ተከትዬ ሁለት ጊዜ ወረድኩ፤ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ።

ከዚያ እግሬ አላበው።

በላብ የራሰ በርበሬ ምን እንደሚያደርግ የድስት ቂጥ ሆኖ ያላወቀ ሰው አይገባውም። ሙቀቱ ከጣት ተነስቶ ወደ ውስጥ እግር፣ ከዚያ በተረከዝ ዞሮ ወደ ቁርጭምጭሚት ወጣ። እግር ብረት ውስጥ ያለ እግር ደግሞ አይታከክም። በረዶው ላይ ዘፍ ብዬ ተቀምጬ ዘለበቶቹን በጥርሴ ልፈታ ምንም አልቀረኝም። ልጄ ደርሳ ጫማውን ስትነቅለው ያ ነጭ ካልሲ እስከ ተረከዙ ቀይ ሆኖ ወጣ። አንዲት ሴትዮ ደም መስሏት ጮኸች። ቀይ ጃኬት የለበሰ የነፍስ አድን ሠራተኛ ቃሬዛ እየጎተተ ከላይ ሲወርድ ታየኝ። እኔ የተራቆተ እግሬን በረዶ ውስጥ ቀብሬ ተንፈስ ስል ስልኬ ጮኸ።

"ልጄ፣" አሉ እቴቴ፣ "ያ በርበሬ ጎደለ ይላሉ።"

"አግኝቼዋለሁ እቴቴ።"

"ተመስገን! እኔማ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ለመሆኑ ብርዱ እንዴት ነው? እግርህን አደራ፣ እንዳይበርድህ።"

"እግሬስ ደህና ነው" አልኳቸው።