ለባርኔጣ ሊቃውንት እድሜ ይስጥልን

ኳስ በሚታይበት ቤት አንድ ሊቅ አይጠፋም። አጥቂው ሦስተኛዋን ሲያገባ ሰው ሁሉ ይጮኻል። እሱ ማኪያቶውን እያማሰለ፣ "አንድ ሰው በአንድ ጨዋታ ሦስት ጎል ሲያገባ ሀትሪክ፣ ማለት የ'ሀት' የባርኔጣ ነገር፣ ለምን እንደተባለ ታውቃላችሁ?" ይላል። ማንም አልጠየቀውም። ደግነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ሳይለመን ይሰጣል።

ከዚያ ቶሮንቶ ይወስደናል፤ እ.ኤ.አ. 1946። አሌክስ ካሌታ የሚባል የቺካጎ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ከሳሚ ታፍት ባርኔጣ ቤት ይገባል። አንዷን ይወዳታል፤ ኪሱ ግን አልፈቀደለትም። ታፍትም "ዛሬ ማታ ሦስት ጎል ካገባህ በነጻ ትወስዳታለህ" አለው። ልጁ አራት አገባ። ጉድ ነው! በነጻ የሚሰጥ ነጋዴ ያለበት ታሪክ ለብርቅነቱ ሲባል እንኳ ሊነገር ይገባዋል። ቃለ ሕይወት ያሰማልን።

ነገር የሚያበላሹት እንግሊዞች ናቸው። በ1858 ሼፊልድ፣ ሃይድ ፓርክ ሜዳ ላይ፣ ኤች ኤች ስቲቨንሰን የተባለ የክሪኬት ተጫዋች በተከታታይ በወረወራቸው ሦስት ኳሶች ሦስት መቺዎችን ከጨዋታ አስወጣ። ገንዘብ ተዋጣ፤ ባርኔጣ ተገዝቶ ተሸለመ። ካሌታ በረዶው ላይ ሲንሸራተት ይህ ነገር 88 ዓመት ሆኖታል። ይህን ለሊቃችን ብትነግሩት ወይ ፍንክች! ልክም ነው። ክሪኬትን ማን ያስረዳል? መቺው በምን ወጣ፣ ዊኬት ምንድን ነው ሲባል ጨዋታው ያልቃል። ሦስት ጎል ግን ለሁሉም ይገባል።

ከሊቆች ሊቅ ደግሞ ጀርመን ውስጥ አለ። ለእሱ ንጹሕ ሀትሪክ ማለት በአንድ አጋማሽ፣ መሀል ላይ ሌላ ሰው ሳያገባ የተቆጠሩ ሦስት ጎሎች ናቸው። በዚህ ሚዛን የእንግሊዙ ጄፍ ኸርስት በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ያገባቸው ሦስቱ አያልፉም። ማን ላይ እንደገቡ ታስታውሳላችሁ? ምዕራብ ጀርመን ላይ። ከዚህ በላይ ገለልተኛ ዳኝነት ከየት ይመጣል?

የሰሜን አሜሪካ ሆኪ አፍቃሪዎች ግን ለጋሶች ናቸው። "የጎርዲ ሃው ሀትሪክ" የሚሉት አላቸው፦ አንድ ጎል፣ አንድ ለጎል የሚሆን ኳስ ማቀበል፣ አንድ ድብድብ። ኳስ አልኩ እንዴ? ለነገሩ እዚያ ኳስም የለም፤ ጠፍጣፋ ጎማ ነው። ባለስሙ የሆኪ ተጫዋች ሃው ራሱ፣ ኤንኤችኤል በሚባለው የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ በተጫወተበት በዚያ ሁሉ ዘመን ይህንን የሠራው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ቀን ጨምሮ ቢደባደብ ሀትሪክ ይሠራ ነበር።