ከበረካ በኋላ

ነሐሴ ላይ ጅማ ነበርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፤ እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ተሰብስቧል። ቶናው ላይ አንዷ «እውነት እናንተ አገር ወንድ ወንድ ያገባል?» አለችኝ። «አዎ፣ በፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ሕጋዊ ነው» አልኩ። ከፊሉ አማተበ፣ ከፊሉ «አስተግፊሩላህ» አለ። «የፈረንጅ ጉድ!» ተባለና ወሬው ወደ ስኳር ዋጋ ዞረ።

አንዲት እናት ግን አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ስኒያቸውን ያዩ ነበር። በረካው አልቆ ሰው ሲበታተን ቀሩ። ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እዚያ አገር እናቶቻቸው ምን ይላሉ?» አሉኝ።

ልጃቸው ከጅማ ከወጣ ቆይቷል። ወሬ ተነሳበት፣ አባቱ ከቤት አስወጣው። ስሙንም ሰፈሩንም አልጽፍም። እሳቸው የሚደውሉለት ጓሮ ወጥተው፣ እንሰቱ ሥር ቆመው ነው።

እኔ የምኖረው ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ነው። እዚያው ኩዊንስ ትኖር ስለነበረች ጂን ማንፎርድ ስለምትባል የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነገርኳቸው። ልጇ ሞርቲ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መብት ይታገል ነበር። በ1972 በራሪ ወረቀት ሲበትን ክፉኛ ተደበደበ። እናት «ልጄ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነው፤ እወደዋለሁ» ብላ ለጋዜጣ ጻፈች። ጁን ላይ ደግሞ የመብት ሰልፍ መሃል ከጎኑ ሄደች፤ ወላጆች ለልጆቻቸው እንዲቆሙ የሚጠይቅ ጽሑፍ ይዛ። ወጣቶች እየመጡ «እባክሽ እናቴን አነጋግሪልኝ» ይሏት ጀመር። በ1973 ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰበሰቡ። ዛሬ በመላ አሜሪካ ቅርንጫፍ ያለው የወላጆች ማኅበር የተወለደው ያን ቀን ነው።

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ?» አሉ እትዬ።

«አዎ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ።»

አሜሪካ ስገባ አገሩ ከጥንትም እንዲህ መስሎኝ ነበር። ኧረ የት! በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ባወጡት ትእዛዝ ስንት የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራው ተባረረ። ፍራንክ ካሜኒ የሚባል የሥነ ፈለክ ምሁር በ1957 ተባሮ ለክብሩ ሲሟገት ኖረ፤ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2009 ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እስከ 1973 ድረስ ነገሩን በሽታ ብሎ መዝግቦት ነበር። ፖሊስ መሸታ ቤት እየገባ ያፍስ ነበር። ጁን 28 ቀን 1969 ስቶንዎል የተባለው ቤት ሲወረር ግን ሰዎቹ «በቃን» አሉ፤ በዓመቱ የመጀመሪያው ሰልፍ ተደረገ። ያም ሆኖ እስከ 2003 ድረስ ቴክሳስን በመሰሉ ክፍላተ አገራት ድርጊቱ ወንጀል ነበር። እኛ ቡና ላይ የምንለውን ሁሉ እነሱም ብለውታል፤ ያውም በሕግ አጽፈው።

እኛ ዘንድ፣ በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ዛሬም ያሳስራል። ከሕጉ ይልቅ እኔን የሚያመኝ ግን በር መዝጋታችን ነው። ለቅሶ ላይ ለማናውቀው ሰው ድንኳን የምንተክል ሰዎች፣ ዓይናችን እያየ ያደገውን ልጅ በወሬ እናባርራለን። እነዚህ ልጆች እርስ በርስ «ዜጋ» ይባባላሉ። ሌላው የነሳቸውን ስም ለራሳቸው ሰጥተዋል። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ለእትዬ ይህን ሁሉ አልዘበዘብኩም። እሳቸውም የጠየቁኝ ስለዚያች እናት ብቻ ነው። «ልጇስ አለ?» አሉኝ። በ1992 በኤድስ እንደሞተና እሷ እስከ 2013 እንደኖረች ነገርኳቸው። «አፈር ስሆን!» ብለው ደረታቸውን ያዙ። ጥቂት ቆይተው፣

«ጋዜጣው ላይ ምን ብላ ነበር የጻፈችው? እስቲ ድገሚልኝ» አሉ።

ደገምኩላቸው። በከንፈራቸው ብቻ ተከትለውኝ አሉት። ከዚያ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ስልካቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ።