ተማሪን ከክፍል የማስወጣት ሥልጣን የማን ይሁን?

በሰሜን ሸዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የዲሲፕሊን ኮሚቴ ውሳኔ እስከ የት ይሂድ? አንድ ምክትል ርእሰ መምህርና አንዲት የሕግ ባለሙያ ይከራከራሉ።

ምክትል ርእሰ መምህሩ፦ እዚያው ትምህርት ቤቱ ላይ ያብቃ። ማክሰኞ ሁለት ልጆች ተደባድበው አንዱ ይፈነከታል እንበል። የክፍሎቹን ሥነ ሥርዓት የሚከታተለው ዩኒት ሊደር ቃል ተቀብሎ ኮሚቴው ይቀጣል። ነገሩ በይግባኝ ወረዳ ይሄዳል፤ ልጆቹን የማያውቅ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል፤ መቺው ተመልሶ ከተመቺው አጠገብ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ስም ጠሪ መምህሩን ማን ይሰማዋል?

የሕግ ባለሙያዋ፦ መምህር፣ ውሳኔው የሚሻረው ፋይሉ ባዶ ስለሆነ ነው። ያለው አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ ነው፦ «ጥፋተኛ ሆኖ ስለተገኘ ለአንድ ዓመት ታግዷል።» ክሱ በጽሑፍ አልደረሰውም፣ የምስክሮች ቃል ከነፊርማቸው የለም፣ ልጁ የመለሰው አልተመዘገበም፣ የተጣሰው የደንቡ አንቀጽ አልተጠቀሰም። ከሳሹ መምህር ራሱ ኮሚቴው ውስጥ ድምፅ የሰጠበትም አለ! ዱላማ አያከራክርም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36(1)(ሠ) ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። የወላጆች ጉባኤ «ይገረፍ» ብሎ በሙሉ ድምፅ ቢወስንም ከንቱ ነው።

ምክትል ርእሰ መምህሩ፦ ዱላ ማን ጠየቀ፣ እህቴ? እኔ የምለው ስለ አሠራሩ ነው። ደብረ ብርሃን «ወላጅ አምጣ» ሲባል እናት በዕለቱ ትደርሳለች። መሐል ሜዳ ከተማ ግን ከገጠር ቀበሌ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን በሳምንቱ መጨረሻ እያመላለሰ የሚማር ልጅ አለ። ኅዳር ላይ፣ አባቱ አጨዳ ላይ ሳለ፣ «ወላጅ ይዘህ ና» ማለት ሳምንት ከትምህርት ማስቀረት ነው። ደንቡን እኛ ብንጽፈው መጀመሪያ ስልክ እንደውላለን፤ ካልተገኘ አከራዩን እንጠራለን።

የሕግ ባለሙያዋ፦ አጠራሩን እናንተ ጻፉት፣ ማን ከለከለ? አከራይ ግን መልእክት ያደርስ እንጂ በልጁ ጉዳይ አይፈርምም። ደግሞስ «ወላጅ አምጣ» ራሱ ስም ያልወጣለት እገዳ አይደለም? ልጁ ከበር ይመለሳል፤ ውሳኔ የለ፣ የተቆረጠ ቀን የለ፣ ይግባኝ የሚልበት ወረቀት የለ። ከትምህርት ማገድን ብቻችሁን እንዳትጨርሱት የምለው ለዚህ ነው። ወረዳውም ቀን ይቆረጥለት፤ በአምስት የሥራ ቀን ካልወሰነ የእናንተ ይጽና።

ምክትል ርእሰ መምህሩ፦ በአምስቱ ቀን ልጁ የት ይቀመጥ?

የሕግ ባለሙያዋ፦ ሌላ ሴክሽን።

ምክትል ርእሰ መምህሩ፦ ክፍሉ አንድ ሴክሽን ብቻ ከሆነስ?

የሕግ ባለሙያዋ፦ ቤተ መጻሕፍት፤ የዕለቱ ማስታወሻ ይድረሰው፣ ፈተና አይለፈው፣ ተረኛ መምህር ይመደብለት።

ምክትል ርእሰ መምህሩ፦ ተረኛውንም ወረዳው በደብዳቤ ይላክልና!