እጅ ነሣሁ፣ ክቡር ወንበር

ባሕር ዳር የሚደነቅ ነገር አታጣም። ጣና አለ፣ ዘንባባው አለ፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይ አለ። እኔ ግን ዛሬ የማደንቀው የቢሯችንን ወንበር ነው።

ወንበሩ የገባው ሰኔ ላይ ነው። መቼም ጥሩ ዕቃ ሁሉ የሚገባው ሰኔ ላይ ነው፤ ሰኔ 30 በጀቱ ሳይዘጋ አንድ ነገር መገዛት አለበት። ክንድ ማሳረፊያው ከፍ ዝቅ ይላል። የወገብ መደገፊያ አለው። በልክ ሲስተካከል እግር መሬት ይረግጣል፣ ትከሻ ይወርዳል፣ ክርን 90 ዲግሪ አካባቢ ይታጠፋል፣ የእጅ አንጓም ቀጥ ይላል። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ተብሎ የተሠራ ወንበር ነው። ስለዚህ ለኃላፊያችን ተሰጠ።

ምርጫው እንከን የለውም። ኃላፊያችን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይፈርማሉ። ፊርማቸው ደግሞ ረጅም ነው። የወንበሩን ፕላስቲክ እስካሁን አላስነሡትም፤ የመንግሥት ንብረት ነዋ፣ ይቆሽሻል። ሲቀመጡ ይንኮሻኮሻል። መግባታቸውን የምናውቀው በዚያ ድምፅ ነው፤ ስልካችንን ወዲያው እንደብቃለን። አያችሁ፣ ወንበሩ ሥራም ያሠራል።

ጸሐፊያችን የምትቀመጠው ከስብሰባ አዳራሽ በተረፈ ወንበር ላይ ነው። ዝቅ ስለሚልባት ሁለት ያረጁ መዝገቦች ደርባበታለች። መዝገቦቹ ከተከፈቱ ጀምሮ ለሰው የጠቀሙት ገና አሁን ነው። እሷ ነች እንግዲህ ደብዳቤውን፣ ሪፖርቱን፣ ቃለ ጉባኤውን የምትጽፈው። አማርኛ ደግሞ ጣት አይምርም። የፊደሉን ድምፅ በላቲን ቁልፎች እየመቱ በሚጻፍበት ኪቦርድ ሳድሱ በአንድ ምት ይወጣል፤ የቀረው አብዛኛው ፊደል ሁለት ምት ይፈልጋል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ለማለት ብቻ፣ ክፍተቱን ሳንቆጥር፣ 17 ጊዜ ትመታለች። ሁሉንም ግን አይመለከተውም።

አምና አውራ ጣቷ፣ ጠቋሚዋ፣ የመሐል ጣቷና የቀለበት ጣቷ ግማሽ መደንዘዝ ጀመሩ። ሌሊት ከእንቅልፏ ያነቃታል፤ ተነሥታ እጇን ታራግፋለች። ቢሮው ተሰብስቦ መረመራትና በአንድ ድምፅ ወሰነ።

«እታለም፣ ብርድ መትቶሽ ነው።»

ወሩ ሚያዝያ ነው። ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል፤ ሰው ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ብርድ ነው ተባለ። እኔ ይህን የባሕር ዳር ብርድ አደንቀዋለሁ። ጠንቃቃ ነው። ሦስት ጣት ተኩል መርጦ ይመታል፤ ትንሿን ጣት አይነካትም።

ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ከብርድ አያገናኙትም። የእጅ አንጓ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከሥርና ከጎን አጥንት ነው፣ ከላይ ጠንካራ ጅማት ተዘርግቶበታል። በዚያች ጉድባ 9 የጣት ጅማቶችና 1 ነርቭ አብረው ያልፋሉ። ከገበያ መልስ የተጫነ ባጃጅ አስቡ። አንጓው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲታጠፍ ግፊቱ ይጨምራል፤ ጥጉ ላይ ተጨፍልቆ የሚጮኸው ተሳፋሪ ነርቩ ነው። አውራ ጣትን፣ ጠቋሚን፣ የመሐል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ የሚያዳርሰው እሱ ነው። ትንሿ ጣት በሌላ ነርቭ ትተዳደራለች። የእጅ ሕመም ሁሉ ይህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጅማት ብቻውንም ይቆጣል። ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1713 የጸሐፊዎችን እጅ የሚያደክመው ያለ ዕረፍት መንቀሳቀሱ እንደሆነ ጽፏል። ምስኪን! እኛ ቢሮ ብቅ ቢል ኖሮ «ብርድ ነው» ብለን እናሳርፈው ነበር።

የሰኔው ግዢ በወንበር አላበቃም። ቆሞ የሚያዝ ማውስም መጥቷል። በተለመደው ማውስ መዳፍ ወደ ጠረጴዛው ይደፋል፤ የክንድ ሁለቱ አጥንቶችም አንዱ በሌላው ላይ ይጠላለፋሉ። ይኼኛው እጅ ለሰላምታ እንደተዘረጋ ሆኖ ነው የሚያዘው። ማውሱ በኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ቬንትሌተሩ ወረቀት እንዳያበር ይጫናል። በጣም ጥሩ ይጫናል።

ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድም ነበር። እጃችን ከትከሻ ተነሥቶ ወደ ውስጥ አግድም ስለሚመጣ፣ ቀጥ ባለው ኪቦርድ ላይ አንጓ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይጣመማል። የተከፈለው ይህን ያስቀራል። የእኛ ንብረት ክፍል ግን ንቁ ነው፣ አይሸወድም። ሞዴል 19 በሚባለው የዕቃ መቀበያ ቅጽ ላይ «ተሰንጥቆ የመጣ» ብሎ መዘገበው፤ መጋዘን ገባ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የጸሐፊያችንን ኪቦርድ ሁለት የኋላ እግሮች አጠፍኩላት። እነዚያ እግሮች ሲቆሙ አንጓን ወደ ኋላ ይሰብራሉ። ማጠፉ ጨረታ የለው፣ ፕሮፎርማ የለው። በማግስቱ ንብረት ክፍሉ መጥቶ መልሶ አቆማቸው። «ታዲያ ለምን ተሠሩ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ማዶ ዘጌ የብራና መጻሕፍት አሉ። ቁም ጸሐፊው ወንበርም ጠረጴዛም አልነበረውም፤ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። ኃላፊያችን ይህን ይወዱታል። «አባቶቻችን በጉልበታቸው ጽፈው የለ!» ይላሉ፣ ፕላስቲኩ እየተንኮሻኮሸ። እውነት ነው፣ ጽፈዋል። ግን መቃው ትንሽ ጽፎ ይደርቃል፤ ጸሐፊው እጁን አንሥቶ ከቀለም ቀንዱ ይነክራል። ኪቦርድ ቀለም አያልቅበትም። ዕረፍት የሚባለውን ጸሐፊያችን የምታገኘው መብራት ሲጠፋ ነው። እግዜር ይስጠው፣ አልፎ አልፎ ይጠፋል።

እንዲያው ስትታይ ግን ታማኝ ናት። ለቢሮው ጠዋት ማታ እጅ ትነሣለች። ቢሮውም ውለታ አይረሳም፤ እሱም እጅ ነሣት።

ባለፈው ሳምንት የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተሰበሰበ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ ተሰንጥቆ የመጣውን ኪቦርድ ማስወገድ። አምስት አባላት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ውይይት፣ ሻይና ቆሎ። ቃለ ጉባኤው ስድስት ገጽ ወጣው። ጸሐፊያችን አንጓዋን በሻሽ ጠቅልላ ጻፈችው፤ ሁለት ቦታ ተሳስተሻል ተብላም እንደገና ጻፈችው። ኃላፊያችን ከግርጌው ፈረሙ። ሲጨርሱ እጃቸውን አራገፉና «ኧረ ይሄ ፊርማ ገደለኝ» አሉ።

ለመጪው ሰኔ የአንጓ ማሳረፊያ ትራስ እንዲገዛላቸው ተጠይቋል። መጠየቂያውን የጻፈችው እሷ ናት።